ሁለት ሞተር፣ አንድ መንጋ፦ የባሕር ዳሩ በረራ 604 የጉዳይ ጥናት

ሐሙስ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988) ነው። እንቁጣጣሽ ካለፈ አራት ቀኑ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 604 ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ባሕር ዳር ላይ አርፎ፣ ወደ አሥመራ ለመቀጠል ያኮበኩባል። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737-260፣ መለያው ኢቲ-ኤጄኤ፣ ከፋብሪካ ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ነበር። 98 ተሳፋሪዎችና 6 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረዋል። ከመሬት እየተነሳ ሳለ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አንደኛው ሞተር ወዲያውኑ ጉልበቱን አጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲሞከር ከዳ። አውሮፕላኑ ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈ፤ እሳትም ተነሳ። 35 ተሳፋሪዎች ሞቱ። ስድስቱን የበረራ ሠራተኞች ጨምሮ 69 ሰዎች ተረፉ።

ይህን አደጋ ብዙ ጊዜ «ወፍ ጣለው» ተብሎ በሁለት ቃል ሲዘጋ እንሰማለን። ስህተት የለበትም፤ ግን ምንም አያስተምርም። የሚያስተምሩት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲያድን ተብሎ የተሠራው ሁለተኛ ሞተር ለምን አላዳነም? አውሮፕላኑ መሬት ከነካ በኋላስ ማን እንደሚተርፍ የሚወስነው ምንድን ነው? የመጀመሪያው መልስ ከሞተሩ ይልቅ ወደ ማረፊያው ዙሪያ ያለው እርሻ፣ ቆሻሻና ውሃ ይወስደናል። የሁለተኛው መልስ ደግሞ በሜትርና በሴኮንድ ይቆጠራል።

ርግቢቱና ብሌዱ

ወፏ እንግዳ አይደለችም። ክንፏ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ዓይኗን ዙሪያውን ቀይ ቆዳ የከበባት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ጎጆ የምትሠራው የዱር ርግብ ናት። ክብደቷ 320 ግራም ገደማ ነው። ብቻዋን ስትሆን ለአውሮፕላን ቀላል ስጋት ናት። ነገር ግን እህልና የሣር ዘር የምትለቅመው በመንጋ ነው፤ ከመሬት ስትደነግጥም መንጋው ሁሉ በአንድ ጊዜ ብድግ ይላል።

የዚያ ዘመን 737 ሞተር የፕራት ኤንድ ዊትኒ ጄቲ8ዲ ነው። የፊቱ ፋን (አየር የሚስበው ማራገቢያ) ስፋት አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን በመነሻ ጉልበት በደቂቃ ወደ 8,000 ዙር ይሽከረከራል። ይህ ሲባዛ የብሌዱ (የፋኑ ምላጭ) ጫፍ ፍጥነት በሴኮንድ 420 ሜትር ይመጣል፤ ከድምፅ ይፈጥናል ማለት ነው። አውሮፕላኑ በሴኮንድ 84 ሜትር ሲገሰግስ፣ 15 ሴንቲሜትር የሚሆነው የርግቧ አካል ፋኑን አልፎ ለመግባት ከሁለት ሺኛ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይወስድበታል። በዚያች ቅጽበት ሰባት ያህል ብሌዶች ተከታትለው ይቆርጧታል። እያንዳንዱ ብሌድ የሚያገኘው ቁራጭ 45 ግራም ቢሆን፣ በሴኮንድ 400 ሜትር ፍጥነት ሲመታ 3,600 ጁል ጉልበት ያርፍበታል። ባለ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ከሰባት ሜትር ከፍታ ተለቆ አንድ ቀጭን የብረት ጠርዝ ላይ ሲወድቅ የሚያሳርፈው ጉልበት ይህን ያህል ነው።

ከእንዲህ ዓይነቱ ግጭት በኋላ ሞተር ሲከፈት በመጀመሪያ የሚታየው የብሌዱ የፊት ጠርዝ ነው። ስለት መሆን የነበረበት ጠርዝ እንደ ማንኪያ አፍ ተጠማዞ ይገኛል፤ ላባ በመገጣጠሚያው ተወሽቆ፣ ደም ደርቆ እንደ ቫርኒሽ ተለጥፎ። ሁለትና ሦስት ብሌዶች ብቻ እንኳ ቢጣመሙ ከኋላቸው ያለው አየር መስመሩን ይስታል። ኮምፕረሰሩ አየርን ደረጃ በደረጃ እያጨመቀ ወደ ኋላ የሚገፋ ማሽን ነው። አንዱ ደረጃ መግፋት ሲያቅተው የታጨቀው አየር ተመልሶ ወደ ፊት ይፈነዳል። ይህ ሰርጅ ይባላል። ጓዳው ውስጥ እንደ መድፍ «ዷ! ዷ!» ይላል፣ ከሞተሩ ፊትና ኋላ ነበልባል ይወጣል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት መለኪያ ደግሞ ወደ ቀዩ መስመር ይሮጣል። አየር ሳይደርስ ነዳጁ መፍሰሱን ስለሚቀጥል ተርባይኑ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ሰርጁ ካልቆመ የተርባይኑ ብሌዶች ይቀልጣሉ። አንድ ሞተር ከተመታ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የሚከዳው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የዲዛይን ዘመን ልዩነት ይገባል። ጄቲ8ዲ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ነው። ከሚውጠው አየር ግማሽ ያህሉ በዳር ያልፋል፤ ግማሹ በቀጥታ ወደ እምብርቱ፣ ወደ ኮምፕረሰሩና ወደ ማቃጠያው ይገባል። ወፍ ከአየሩ ጋር አብራ ስለምትገባ፣ ሥጋና አጥንቷ የሞተሩን ልብ የሚያገኝበት ዕድል ሰፊ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የ737 ሞተሮች ትልቅ ፋን አላቸው፤ በዳር የሚያልፈው አየር ወደ እምብርቱ ከሚገባው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ፋኑ ቁርጥራጩን በሽክርክሪት ወደ ውጭ ይወረውረዋል፤ እምብርቱም ይጠበቃል። ጥቅሙ ግን ዕዳ አለው። የመግቢያው አፍ ስለሰፋ ብዙ ወፍ ይሰበስባል፤ ድምፁ ስለቀነሰም ወፏ አውሮፕላኑን የምትሰማው ዘግይታ ነው።

የሁለት ሞተር ሂሳብ የሚፈርስበት ቦታ

የመንገደኛ አውሮፕላን ደኅንነት የቆመው አንዱ ሞተር ቢከዳ በሌላው እንዲበር በሚል ሂሳብ ላይ ነው። አብራሪው ቪ1 የሚባለውን ፍጥነት ካለፈ በኋላ አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ መነሳቱን ይቀጥላል፤ ማኮብኮቢያው ለመቆም አይበቃውምና። ሂሳቡ ትክክል የሚሆነው ሁለቱ ሞተሮች የሚከዱበት ምክንያት የተለያየ ሲሆን ነው። የነዳጅ ፓምፕ ሲበላሽ፣ ቤሪንግ ሲነክስ፣ ብሌድ ሲሰነጠቅ፣ ያ የአንዱ ሞተር ችግር ነው፤ በዚያው ደቂቃ ሌላው ላይም የመድረሱ ዕድል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በ737 ክንፍ ሥር ያሉት ሞተሮች የሚራራቁት ግን አሥር ሜትር ገደማ ነው። የርግብ መንጋ ከዚያ ይሰፋል። ስለዚህ ለመንጋ ሁለቱ ሞተሮች እንደ አንድ ናቸው። የበረራ 604 ዋና ነጥብ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ሕጉ ይህን ቀስ በቀስ ነው የተቀበለው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የወፍ መዋጥ ደንብ፣ ሞተር በመንጋ የሚበሩ መካከለኛ ወፎችን ውጦ ከጉልበቱ ሩብ በላይ ሳያጣ ለ20 ደቂቃ እንዲሠራ ይፈተናል። የ20 ደቂቃው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዞሮ ለማረፍ የሚበቃ ጊዜ ነው። በ2007 ለትላልቅ የመንጋ ወፎች ፈተና ተጨመረ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ኒው ዮርክ ላይ ኤርባስ ኤ320 በዝይ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች አጥቶ ሃድሰን ወንዝ ላይ ሲያርፍ፣ 155ቱም ሰዎች ቢተርፉም አንድ ክፍተት ታየ። ፋኑ በመውጣት ላይ ባለ አውሮፕላን ጉልበት ከመነሻው ቀስ ብሎ ስለሚዞር ወፉን ወደ ውጭ የመወርወር አቅሙ ይቀንሳል፤ እምብርቱም ይጋለጣል። ለዚህ የሚሆን ተጨማሪ ፈተና በደንብ የገባው በ2023 ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መባል አለበት። ለአንድ ትልቅ ወፍ የሚደረገው ፈተና የላይኛ ክብደት 3.65 ኪሎ ነው፤ ያውም ሞተሩ ጉልበት እንዲቀጥል ሳይሆን ሳይፈነዳና ሳይቃጠል በሰላም እንዲቆም ብቻ ነው የሚጠበቀው። ጣና ዳር ዓሣ ገበያ አጠገብ አንጀት ለመቀማት የሚሻሙት ፔሊካኖች አሥር ኪሎ ይደርሳሉ። አባ ኮዳም ከዚያ ብዙ አያንስም። የትኛውም የተመሰከረለት ሞተር ለእነሱ አልተፈተነም።

ከፍታው የሚጨምረው ዕዳ

የባሕር ዳር አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል 1,822 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀን፣ የፍጥነት መለኪያው 150 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄደው 13 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው። የግጭት ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ ያቺው ርግብ አፍንጫውን፣ መስኮቱን ወይም የክንፉን ጠርዝ ስትመታ ከባሕር ዳርቻ ማረፊያ ይልቅ 28 በመቶ ያህል የበለጠ ጉልበት ታሳርፋለች። ሞተሩ ደግሞ በስስ አየር የሚሰጠው ጉልበት ያንሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ለመዞር የሚያስፈልገው ቦታ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። 150 ኖት በባሕር ወለል 77 ሜትር በሴኮንድ ነው፤ በ25 ዲግሪ ጋደል ብሎ ሲዞር የመዞሪያው ራዲየስ 1.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በባሕር ዳር ሞቃት ቀን እውነተኛው ፍጥነት 87 ሜትር በሴኮንድ ስለሆነ ራዲየሱ ወደ 1.66 ኪሎ ሜትር ያድጋል። ግማሽ ክብ ለመዞር ብቻ 5.2 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት። ሞተር የሌለው የዚህ ዓይነት ጄት በጥሩ ሁኔታ አንድ ሜትር ሲወርድ 15 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይንሳፈፋል ብንል፣ ፊቱን ለማዞር ብቻ ወደ 350 ሜትር ከፍታ ይበላል፤ በመጋደሉ የሚጨምረውን ኪሳራ ሳንቆጥር። ዞሮም ከማኮብኮቢያው መስመር በጎን 3.3 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው የሚገኘው። ለመግባት ገና ሌላ መዞር ይቀረዋል።

ስለዚህ ከመነሻ በኋላ ሁለቱም ሞተሮች ሲሰርጁ አብራሪው የሚገጥመው ምርጫ ጨካኝ ነው። ሰርጅን ለማስቆም የሚመከረው የጉልበት መቆጣጠሪያውን ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ከመሬት ቅርብ ሆኖ ግን ያን ማድረግ ያለችውን ጥቂት ከፍታ አሳልፎ መስጠት ነው። የቆሰለ ሞተር እየጮኸም ቢሆን የሚሰጠው እያንዳንዱ ሴኮንድ ወደ ሜዳ የሚያደርስ ሜትር ነው። አንድ ሞተር ብቻ ሲጎዳ መሳብ፤ ሁለቱም ሲጎዱና መሬት ሲቀርብ ደግሞ የሚሰጡትን እስኪጨርሱ መውሰድ፣ አውሮፕላኑ ሳይወድቅ የሚቆጣጠርበትን ፍጥነት መጠበቅ፣ ወደ ፊት ካለው መሬት ለጥ ያለውን መምረጥ። ማረፊያው ጋ ለመድረስ አፍንጫን ቀና አድርጎ ፍጥነት መጨረስ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ክንፉ መሸከሙን ሲተው መሬት የሚነካው በቁልቁል ነውና።

መሬት ከተነካ በኋላ

በሆድ ማረፍ በራሱ ሞት አይደለም። ሰውነት የሚጎዳው ፍጥነቱ በምን ያህል ርቀት ውስጥ ስለሚያልቅ ነው። አውሮፕላኑ በሴኮንድ 70 ሜትር መሬት ነክቶ 500 ሜትር ተንሸራቶ ቢቆም፣ ተሳፋሪው የሚሸከመው የክብደቱን ግማሽ፣ ማለትም 0.5 ጂ ብቻ ነው። በ50 ሜትር ቢቆም 5 ጂ ይሆናል። በ25 ሜትር ቢቆም 10 ጂ። የ737-200 ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ1967 ሲጸድቅ መቀመጫ እንዲችል ይጠበቅ የነበረው ወደ ፊት 9 ጂ ነበር። ከዚያ ካለፈ መቀመጫው ከወለሉ ይነቀላል፤ ቀበቶውን ያሰረ ሰው ከነመቀመጫው ይወረወራል።

ባለ 16 ጂ መቀመጫ የደነገገው የአሜሪካ ደንብ የወጣው አደጋው በደረሰበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፣ ግዴታነቱ ለአዳዲስ የአውሮፕላን ዓይነቶች ነበር። ፈተናው በሐዲድ ላይ በሚወነጨፍ ጋሪ ይካሄዳል። መቀመጫው 10 ዲግሪ ዘወር ተደርጎ ቢያንስ በሴኮንድ 13.4 ሜትር የፍጥነት ለውጥ ይደርስበታል፤ ከፍተኛው 16 ጂ በ90 ሺኛ ሴኮንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ወለሉ በግጭት እንደሚጣመም ስለሚታወቅ የመቀመጫው ሐዲድ ሆን ተብሎ ተጠማዞ ነው የሚፈተነው። ሌላው ፈተና ወደ ታች የሚመጣውን 14 ጂ ይለካል፤ በሰው ምትክ መቀመጫው ላይ የሚታሰረው አሻንጉሊት የታችኛው አከርካሪ ከ680 ኪሎ ክብደት የሚበልጥ ጭነት እንዳይደርስበት። እግሩ ወይም ጀርባው የተሰበረ ሰው ከእሳት ሮጦ ማምለጥ ስለማይችል ነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ።

መሬቱ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ሁለት በሆድ የተደረጉ ማረፎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2019 ሞስኮ አቅራቢያ ኤርባስ ኤ321 በወፎች ተመቶ በቆሎ እርሻ ላይ በሆዱ ተንሸራተተ፤ 233ቱም ተረፉ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2024 ደቡብ ኮሪያ ሙአን ላይ ቦይንግ 737-800 በማኮብኮቢያው ላይ በሆዱ ተንሸራቶ ጫፉ ላይ ያለውን የአንቴና መደገፊያ ኮንክሪት የያዘ ጉብታ መታ፤ ከ181 ሰዎች 179ኙ ሞቱ። በዚያኛውም ሁለቱ ሞተሮች ውስጥ የወፍ ቅሪት ተገኝቷል። የገበሬው ያልታጨደ በቆሎ ማዳኑና መሐንዲስ የሠራው ጉብታ መግደሉ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በባሕር ዳር ዙሪያ ቀጥ ብሎ የሚበቅለው የባሕር ዛፍ ተክል፣ የድንጋይ ካብና በኮንክሪት የቆመ ምሰሶ፣ በማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች መስመር ላይ ከሆነ የሚንሸራተትን አውሮፕላን ክንፍ ይቀድዳል። ክንፉ ደግሞ የነዳጁ ማጠራቀሚያ ነው። በረራ 604 ወደ አሥመራ ጉዞውን ገና መጀመሩ ነበርና ለጉዞው የያዘው ነዳጅ ገና አላለቀም ነበር።

በ737 በሆድ ሲታረፍ መጀመሪያ መሬት የሚልሱት ከክንፉ ሥር ያሉት ሞተሮች ናቸው። ትኩስ ብረት፣ ብልጭታና ከተቀደደ ታንክ የሚረጭ ነዳጅ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከውጭ የሚነድ የነዳጅ እሳት የአሉሚኒየሙን ቆዳ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ይበሳዋል። አውሮፕላን ከመጽደቁ በፊት ሙሉ ተሳፋሪ በጨለማ፣ በግማሽ መውጫዎች ብቻ፣ በ90 ሴኮንድ እንዲወርድ የሚፈተነው ለዚህ ነው። 737-200 አራት በሮችና በክንፉ ላይ ሁለት መውጫዎች አሉት። በአንድ ወገን እሳት ካለ ሦስቱ ይቀራሉ።

ለተሳፋሪ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው። ቀበቶ ሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ዳሌ አጥንት ላይ ይጠበቃል። ከመነሳት በፊት እስከ መውጫው ያሉት የመቀመጫ ረድፎች በእጅ ይቆጠራሉ፤ ጭስ ሲሞላ ዓይን አይሠራምና። ጫማ ሲነሳና ሲያርፍ አይወልቅም፤ ሻንጣ ፈጽሞ አይነሳም። ከጥጥ የተፈተለ ጋቢ ወይም ነጠላ በእሳት አጠገብ ከናይሎን ልብስ በጣም ይሻላል፤ ናይሎን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

በማረፊያው ዙሪያ ያለው ሥራ

ገንዘብ ውስን ሲሆን ከራዳርና ከድምፅ መድፍ በፊት መሬቱ መስተካከል አለበት የሚል ጽኑ አቋም አለን። ወፍ የምትመጣው ለመብል፣ ለውሃና ለማደሪያ ነው፤ እነሱ እያሉ ማባረር ለአንድ ሰዓት ብቻ ይሠራል። ክረምቱ ሲወጣ በአጥሩ ውስጥ ያለው ሣር ዘር ከመያዙ በፊት ይታጨዳል፤ የታጨደው እዚያው አይከመርም፣ ወዲያው ይወጣል። ሥሩ ድረስ ተላጭቶም አይተውም፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ሲሆን ርግብ ጠላቷን ማየት ስለማትችል ትሸሸዋለች። በአጥሩ ውስጥ ጤፍም ዳጉሳም አይዘራም። የህንጻዎቹ የጣሪያ ጠርዝ ዓይኑ 5 ሴንቲሜትር በሆነ መረብ ይዘጋል። ዝናብ ያቆረው ውሃ ይፈሳል።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ወፍ የሚስቡ ነገሮች ከማረፊያው በ13 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ እንዲታዩ ይመክራል። ማረፊያው ከከተማዋ በስተምዕራብ ቅርብ ስለሆነ ክቡ ከተማዋን፣ የሐይቁን ዳርቻና የዓሣ ገበያውን ይጨምራል። የዓሣ አንጀትና ቅርፊት በክዳን በርሜል ተይዞ በዚያው ቀን መቀበር አለበት። የከተማ ቆሻሻም ከክቡ ውጭ ወይም በየቀኑ አፈር እየለበሰ መሆን ይገባዋል። ከጥቅምት በኋላ ከሰሜን የሚመጡት ረጃጅም እግር ክሬኖች ጣና ዳር ረግረግ ላይ አድረው ጠዋት ወደ ታጨደው ማሳ፣ ማታ ወደ ውሃው ይመላለሳሉ። አምስት ኪሎ የሚመዝን ወፍ መንጋ የሚሄድበት ሰዓትና አቅጣጫ በየወቅቱ ተመዝግቦ ለመቆጣጠሪያ ማማው መድረስ አለበት።

ከእያንዳንዱ መነሻ 15 ደቂቃ በፊት ማኮብኮቢያው በመኪና ይታያል። መንጋ ካለ አብራሪው አምስት ደቂቃ መጠበቁ ተጠያቂነት ሊያስከትልበት አይገባም። ግጭት ከተፈጠረ፣ ጉዳት ባይታይም፣ ፋኑ በእጅ እየተዞረ የእያንዳንዱ ብሌድ የፊት ጠርዝ ይዳሰሳል፤ ላባ ወደ እምብርቱ መግባቱ ከታየ ኮምፕረሰሩ በቦረስኮፕ (ውስጡን በሚያሳይ ቀጭን መመልከቻ) ይፈተሻል። ላባው እርጥብ ከሆነ በወረቀት ፖስታ እንጂ በላስቲክ አይያዝም፤ ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። የደሙ ቅባት በ70 በመቶ አልኮል በረጠበ ወረቀት ይጠረጋል፤ ዝርያውን በዘረ መል ለመለየት ያገለግላል። የወፏ ዓይነት ሳይታወቅ የቱን መብል ማንሳት እንዳለብን አይታወቅም።

የአደጋ ጊዜ ዕቅዱም ከአጥሩ ውጭ መዝለቅ አለበት። የእሳት አደጋ መኪና ማኮብኮቢያው ላይ በሦስት ደቂቃ ሊደርስ ይችላል፤ ረግረግና ማሳ ውስጥ ግን ይሰምጣል። አውሮፕላን ሐይቁ ላይ ቢወርድ ቀድመው የሚደርሱት በታንኳና በሞተር ጀልባ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ለየማኅበሮቻቸው የሚደወልበት ስልክ፣ ስንት ጀልባ እንዳላቸው፣ የትኛው ዳርቻ አምቡላንስ እንደሚያስጠጋ፣ ከክንፉ የፈሰሰ ነዳጅ አጠገብ ሞተር እንደማይነሳ፣ ይህ ሁሉ በዕቅዱ ተጽፎ ከእነሱ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ በውሃው ላይ መለማመድ ያስፈልጋል።